በላዶ ግቢ የደፋሁት ውሃ

ባለፈው ሰኔ ብረት ሥራ ከማስተምርበት ማሠልጠኛ ተቋም በጡረታ ስሰናበት ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢውስ እሺ፣ ወግ ነው። ያናደደኝ ከመድረኩ ጀርባ የሰቀሉት ባነር ነው። ጁባ ላይ ከውሃ ጠርሙስ የሠራሁትን አዞ ፎቶ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ግድግዳ አሳክለው አትመውታል። ከሥሩ «ቆሻሻን ወደ ጥበብ የለወጡ የአካባቢ ጥበቃ ፈር ቀዳጅ» ይላል። መድረክ መሪዋ ማይክራፎኑን ሰጥታኝ «እስቲ ጋሽ ሽፈራው፣ ስለዚህ ድንቅ ሥራ ትንሽ ያጫውቱን» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ወረድኩ። ሰዉ ትሕትና መስሎት አጨበጨበ። የምን ትሕትና! እዚያ ያላጫወትኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ዛሬ ይህን በኩራት የሚናገሩ አሉ፤ በእኔ ልጅነት ግን የሚደበቅ ነገር ነበር። ባላገሩ ቀን ማረሻውን የሚያሾልለትን ሰው ሲመሽ «ቡዳ ነው፣ ልጆቹን እሱ ፊት አታብሉ» ይላል። አባቴ ይኼ አንገሽግሾት ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። መርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከበርሜል ምድጃ፣ ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ሲሠራ አደግሁ። እኔም እዚያው መዶሻ ያዝኩ። ሪሳይክል የሚለውን ቃል ሳልሰማ ሪሳይክል ስሠራ ኖሬያለሁ። ድሃ ሲያደርገው ቅራቅንቦ ነው፣ ፈረንጅ ሲያደርገው አርት ይሆናል።

በደርግ ጊዜ አንድ የመንግሥት ብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። አለቃዬ አዲሱን ላሜራ በልክ መቁረጥ አይችልም፣ ቅሪቱን የሚለቅም ሠራተኛ ግን ሌባ ነው ብሎ ይከሳል። እዚያ በማታ ትምህርትና በማሽን መመሪያ እንግሊዝኛ ለመድኩ። ፋብሪካው ሲሸጥ ተቀነስኩ፤ ከዚያ ጋራዥ ለጋራዥ። በፈረንጆቹ 2011፣ ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ ሰው ሁሉ ጁባ ጁባ ሲል እኔም ሄድኩ። አንድ ያገራችን ሰው ኮንትራክተር ለጣሪያ ብረት በያጅ ፈልጎ ነው የወሰደኝ። ኒምራ ታላታ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሐበሻ ሆነን ከረምን። ሥራው ሲያልቅ «በሉ እንግዲህ» ተባልን፣ ሁሉም ወደየፊናው ተበተነ።

ያን ጊዜ ነው አንድ የውጭ ድርጅት ከቆሻሻ ጥበብ መሥራት የሚያስተምር ፕሮጀክት ጀምሮ ብየዳም እንግሊዝኛም የሚችል ሰው የፈለገው። ኃላፊዋ ሚስ ሊንዳ ትባላለች፤ ቅን ሴት ነበረች፣ በእሷ ላይ ክፉ አልናገርም። ወርክሾፑ ከነጭ አባይ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ የሚባል ሰፈር ነው። ግቢው የጋሼ ላዶ ነበር፣ ድርጅቱ ግማሹን ተከራይቶታል።

ጋሼ ላዶ የባሪ ጎሣ ሰው ናቸው፤ ብረት ቀጥቃጭ፣ የቀጥቃጭ ልጅ። በጦርነቱ ዘመን ጋምቤላ ተሰደው፣ ከዚያ ጅማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዓመታት ሠርተዋል። አማርኛቸው የጋራዥ አማርኛ ነው፤ ሲናደዱ ወደ ጁባ ዓረብኛ ይገለበጣል። መጀመሪያ ቀን ስሜን ሳይጠይቁ እጄን ገልብጠው አዩ።

«አባትህ ምን ነበር?»

«ቀጥቃጭ።»

«አይ! እናንተም ጋ ልጃቸውን አይድሩላችሁም?»

«አይድሩልንም። ቡዳም ይሉናል።»

ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «እኛንም የድሮዎቹ ከሰው አይቆጥሩንም ነበር። አባቴ ሠርግ ሲጠራ ውጭ ይቀመጥ ነበር። እኔ አሁን ውስጥ እቀመጣለሁ። ለምን? ሠላሳ ዓመት የማንንም ማሎዳ አበላሽቼ አላውቅም።» ማሎዳ የሚሉት መኮትኮቻቸውን ነው። «ሌላው ሰው ከብት አለው፣ ያ ኡስታ። ቀጥቃጭ ያለው ስሙ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኡስታ፣ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው፣ እንዳሉኝ ቀሩ። እሳቸው ጋ የሠራሁበት ዓመት ተኩል ከአርባ ዓመቱ ሁሉ ይበልጥብኛል፣ እውነቴን ነው።

ጠዋት መጀመሪያ የሚያደርጉት ምስማር ማቃናት ነው። የተጣመመ ምስማር ከመንገድ ለቅመው በቆርቆሮ ያጠራቅማሉ፤ ሃያውን ሳያቃኑ ለማንም ሰላምታ አይመልሱም። «ካወራሁ እጄ ይዋሻል» ይላሉ። ሚስ ሊንዳ አንድ ጠዋት መጥታ «ሃው አር ዩ ሚስተር ላዶ» ብትል ምስማራቸውን አቃንተው ሲጨርሱ ነው «ፋይን» ያሏት። እሷ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች።

በርሜል ሲመጣ ክዳኑን ከፍተው ያሸቱታል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ከሆነ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን አይሠሩበትም። ከግቢ የሚያስወጡትም ሆዱን በመሮ በሳስተው ነው፣ ሌላ ሰው ውሃ እንዳያጠራቅምበት። የነዳጅ ከሆነ እስከ አፉ ውሃ ይሞሉታል። ጋዝ ውስጡ ከቀረ፣ መሮው እሳት ሲተፋ በርሜሉ ይፈነዳላ! ጉምቦ ውሃ ከቦቴ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ያንኑ ውሃ ከበርሜል ወደ በርሜል እያገላበጡ፣ የተንሳፈፈውን ዘይት በጨርቅ እየጠረጉ ወር ሙሉ ይሠሩበታል። በርሜሉ ሲከፈትም በግራይንደር አይደለም፣ በመሮና በመዶሻ ነው፣ ጣት በጣት። «ግራይንደር ቀለሙን ያቃጥለዋል» ይላሉ። ያረጀው ቀለም ላይ ሌላ ቀለም አይቀቡም። የበርሜሉን ሰማያዊ ለወፍ ክንፍ፣ ዝገቱን ለእግር ያደርጉታል። ከሁለት በርሜልና ከፌሮ ብረት የሠሩት ሽመላ ነበር፤ አንገቱን ሰብሮ ውሃ ውስጥ የሚያይ። ብየዳ አልነካውም፣ ሁሉም በታጠፈ ጠርዝና ጫፉ በተደፈጠጠ ምስማር የተቆለፈ ነው። እኔ የብየዳ ሰው ሆኜ ቀናሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን 2013 ገባ። ሚስ ሊንዳ ረጂዎች ሊጎበኙን እንደሆነ ነገረችን። ሥራውን ከወደዱት ለግቢው ሲሚንቶ ወለልና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ወርክሾፕ ይሠራል፣ ምድጃውም ውስጥ ይገባል። ይህ ለጋሼ ላዶ ቀላል ነገር አይደለም። ጣሪያቸው ሸራ ነው፤ ዝናብ በገባ ቁጥር እሳታቸው ይጠፋል፣ ግማሹን ዓመት ሥራ ይፈታሉ። አንድ ነገር ግን ረጂዎቹ ይፈልጋሉ አለች፤ ፕላስቲክ። የከተማው ችግር ፕላስቲክ ነው ተብሎ ተጽፏል።

ከአፏ ቀማኋት። «አዞ እንሠራለን» አልኩ። «ሰባት ሜትር። ቅርፊቱ በሙሉ ከውሃ ጠርሙስ ቂጥ።» የጠርሙስ ቂጥ አይታችሁ ከሆነ አበባ መሳይ ነው። ቆርጠህ በሽቦ ስትደረድረው የአዞ ጀርባ ቁርጥ ነው የሚመስለው። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ መሆን አለበት። ጋሼ ላዶ «ለምን በርሜል አይሆንም?» አሉ። «ፕላስቲክ ነው የሚሉት ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። ሁለት ሺህ ጠርሙስ ከሰፈሩ እንሰበስባለን ብዬም ሪፖርት ጻፍኩ።

ወይ ነዶ! ያን ሪፖርት የጻፈ እጅ የማን እንደሆነ አያችሁ? የምናለሽ ተራ ልጅ እጅ። «ቆራሌው!» የሚል ጥሪ ሰምቶ ያደገ፣ ባዶ ጠርሙስ እየሸጠ ከረሜላ የገዛ ሰው። ድሃ ሰፈር ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ቆሻሻ እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ ማን ያውቃል? በጉምቦ የሰሊጥ ዘይት በእሱ ይሸጣል፣ ማር በእሱ ይሸጣል፣ አረቄና ላምባም በእሱ ነው። መንገድ ዳር ዘይት የምትሸጥ ማማ ፖኒ የምትባል ሴት አለች፤ የጋሼ ላዶ የጥንት ደንበኛ፣ ማሎዳዋን ከእሳቸው ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ጠርሙስ ስጪን ብንላት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፦

«አንተ ሐበሻ፣ ዕቃዬን ነው ቆሻሻ የምትለው?» አለችኝ።

በዋጋ እንግዛ ብንል ዋጋው ናረ፤ ሴቶቹ ለዘይታቸው ጠርሙስ አጡና ረገሙን። ያገኘነውም ግማሹ ተጨራምቷል፣ ልኩም አይገጥም። ሁለት ወር ሙሉ ሦስት መቶ አልሞላንም። ሚስ ሊንዳ በጠየቀችኝ ቁጥር «ጥሩ እየሄደ ነው» እላለሁ። ጥሩ እየሄደ ነው! ምላሴን በቆረጠው።

ጉብኝቱ አራት ቀን ሲቀረው ከተማ ያለ ያገሬ ልጅ ጅምላ ሻጭ ጋ ሄጄ፣ ለጠርሙስ ሰብሳቢዎች በተያዘው ገንዘብ የታሸገ ውሃ በፒካፕ አስጫንኩ። ጋሼ ላዶ ያን ቀን ረጃፍ የሚባል መንደር ናቸው፤ አጎታቸው ሞቶ ለቀብር ሄደዋል። እኔም ይህን አውቄ ነው ቀኑን የመረጥኩት። በሩን አስቆለፍኩ። ካርቶኑ ግድግዳ ሆኖ ተደረደረ። ድርጅቱ የቀጠራቸውን አራት ሠራተኞች «ክፈቱ፣ ድፉ» አልኳቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። የቻሉትን ያህል ጠጡ፣ ራሳቸው ላይ አፈሰሱ። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ። በርሜሎቹ የናፍጣና የቤንዚን ስለነበሩ ማጠራቀም አልተቻለም። አንደኛው ሠራተኛ «ኡስታ፣ ውጭ ሴቶች አሉ፣ ጀሪካን ይዘው ይግቡ» አለኝ። በር ላይ የቦቴ ወረፋ እንደነበረ አውቃለሁ። ቦቴው ከጠዋት ጀምሮ አልመጣም። በጋ ነው፣ አቧራው ጉልበት ይደርሳል። ሴቶቹ ከገቡ ግን ወሬው በዚያው ቀን ቢሮ ይደርሳል፤ የሰፈር ጠርሙስ ያልኩት አዲስ ውሃ መሆኑ ይታወቃል። «ሥራችሁን ሥሩ» አልኩ።

ውሃው በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ መንገዱ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

«ላዶ! ላዶ! ክፈት እንጂ፣ ውሃ እየፈሰሰብህ ነው!» የፖኒ ድምፅ ነው። በርሜል የተቀደደበት መስሏት ልትረዳ ነው የመጣችው። የግቢው ዘበኛ አየኝ፤ እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። አሁንም ጠራች። ከዚያ በአጥሩ ቆርቆሮ የምስማር ቀዳዳ በኩል ዓይኗ መጣ። አየሁት፤ አንድ ዓይን፣ ምንም ሳይርገበገብ። ያየችው ጠርሙሱንና የሚፈሰውን ውሃ ነው፣ እኔን ጥግ ላይ ስለነበርኩ ያየችኝ አይመስለኝም። ዞር ብላ ለሴቶቹ የተናገረችውን ሰማሁ።

«ላዶ ውሃ እየደፋ ነው።»

«ላዶ የለም፣ እኔ ነኝ» ማለት አራት ቃል ነው፤ አላልኩም።

ጋሼ ላዶ በነጋታው ከቀብር ሲመለሱ ጭቃውን አዩ። «እኔ ግቢ ብቻ ነው እንዴ የዘነበው?» አሉ። ነገርኳቸው፤ የሴቶቹን ነገር ትቼ ሌላውን ነገርኳቸው።

«ለእርስዎ ወርክሾፕ ብዬ ነው እኮ ጋሼ።»

«ለኔ?»

«ለእርስዎ እንጂ ለማን?»

«ለኔ ከሆነ ለምን እኔ በሌለሁበት?» አሉኝ። ወደ ምድጃቸው ሄዱ።

አዞው አማረ። ይህን መካድ አልችልም፤ እጄ ከሠራው ሁሉ በልጦ አማረ። ፀሐይ ሲመታው ከውሃ የወጣ ነው የሚመስለው። ረጂዎቹ ዙሪያውን እየዞሩ ፎቶ አነሱ። ሽመላውን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንዲት ሸበቶ ሴት ጋሼ ላዶን አይታ «እኒህን ሁሉ ጠርሙሶች ከየት አገኛችኋቸው?» ብላ ጠየቀች፣ እኔ እንዳስተረጉምላት። ጋሼ ላዶ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ በአማርኛ «ከሱቅ» አሉ።

«ከወንዙ ዳር ለቅመናቸው ነው ይላሉ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ወንዝ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያውቁታል፤ አባይ ዳር የኖሩ ሰው ናቸው። ተጨበጨበ። ሚስ ሊንዳ በደስታ አለቀሰች፣ አቀፈችኝም። ጋሼ ላዶ በጭብጨባው መሐል መዶሻቸውን አንሥተው በጓሮ በኩል ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዝግታ ነው የሆነው። መጀመሪያ ፖኒ መጥታ ለጥገና የሰጠችውን ማሎዳ ሳይነካ ይዛ ሄደች። ጋሼ ላዶ «ያን ቀን እኔ ቀብር ነበርኩ» አሏት። «ግቢው የማን ነው?» አለቻቸው። በሳምንቱ ሌሎቹም ወሰዱ። የእርሻ ወቅት ሊገባ ሲል፣ ሰው በሚሰለፍበት ጊዜ፣ ግቢያቸው ጭር አለ። ሰዉ ገበያ አካባቢ ወዳለ ሌላ ቀጥቃጭ ሄደ። አንድ ጎረቤት ሠርግ ደገሰ፤ ጋሼ ላዶ ሄደው ቶሎ ተመለሱ። የት እንዳስቀመጧቸው አልጠየቅኩም፤ ፊታቸው ይናገር ነበር።

ወርክሾፑ ተሠራ፣ ቃል የተገባው አልቀረም። ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ የምድጃው ጭስ ማውጫ ሳይቀር። ጋሼ ላዶ አንድ ቀን እንኳ አልገቡበትም። ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው፣ ግቢውን በሙሉ ለድርጅቱ አከራይተው ወደ ረጃፍ ሄዱ። እኔ «ሲኒየር ትሬነር» ተባልኩና በሳቸው ጣሪያ ሥር የሳቸውን በርሜል አከፋፈት ማስተማር ያዝኩ። ጡረታ እስክወጣ ያስተማርኩት ሁሉ የሳቸው ነው። የተመሰገንኩት ግን በአዞው ነው።

ሁለት ወር ከቆየሁ በኋላ አላስችለኝ አለና በሞተር ረጃፍ ወረድኩ። ጋሼ ላዶ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለዓሣ አጥማጆች መንጠቆ ያበጃሉ። ከስተዋል። ባለቤታቸው ወንበር አመጣችልኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተው፣ ተው። እኔ ቄስ አይደለሁም።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ያን ቀን ፖኒ በር ላይ ስትጠራዎት ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

መንጠቆውን አስቀመጡ። ይህን አያውቁም ነበር። «እኔ ይቅር ብልህ ምን ይጠቅማል?» አሉ። «እኔ እኮ አውቃለሁ ውሃውን ማን እንደደፋው። የማታውቀው ፖኒ ናት። ሂድና ለሷ ንገር።»

«እርስዎ ለምን አልነገሯትም፣ ሐበሻው ነው ብለው?»

«ከኔ አፍ ከወጣ በእንግዳ አሳበበ ይሉኛል። ካንተ አፍ ከወጣ ያምናሉ። አንዷ ከሰማች ሁሉም ይሰማል። እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

«ነገ እሄዳለሁ።»

«ነገ?»

«ነገ፣ እግዜር ምስክሬ ነው።»

አመኑኝ። ባለቤታቸውን ጠርተው በባሪኛ አንድ ነገር ነገሯት፣ እሷም ፊቷ በራ። ዕቃ አዘጋጂ ሳይሏት አይቀሩም።

በነጋታው ሚስ ሊንዳ አዲሱን ኮንትራት ለማስፈረም ጠራችኝ። ወሬው ቢሮ ከደረሰ ኮንትራቱም የለም፤ ከፈረምኩ በኋላ እሄዳለሁ አልኩ። ከፈረምኩ በኋላ ደግሞ ሥልጠናው ይጀመር አልኩ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጁባ ተኩስ ተከፈተ፤ እኛን በአውሮፕላን አወጡን። ጋሼ ላዶ የት እንደደረሱ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ነበር፣ ረጃፍም ሰው ተበትኗል አለኝ።

ጦርነት ነው፣ ጊዜ አጥተህ ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ጊዜ አላጣሁም። ከመውጣቴ ወር በፊት ከመኪና ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ፖኒ ፊት ቆሜያለሁ። በአካባቢው ሌላ ገዢ አልነበረም። ቀና ብላ አየችኝና «ምን ፈለግህ ሐበሻ?» አለችኝ።

«የሰሊጥ ዘይት» አልኳት። ለክታ ሰጠችኝ፣ ይዤ ሄድኩ።